ምዕራፍ አምስት፦ ዓሣ አጥማጁ የማያየው ማሳ

እንሴኖ ሰው ዓሣ ፍለጋ የሚሄድባት ከተማ አይደለችም። ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚያወርደው መንገድ ላይ ያለች የመስቃን ከተማ ናት፤ ስሟ ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰው በርበሬና ገበያ ነው። ዓሣ ተጠብሶ ቢቀርብስ፣ ክትፎና አይብ ባለበት አገር ማን ዞሮ ያየዋል? ስለ ሐይቅ ዳር ዓሣ አጥማጆች የነገ ኑሮ የሚያወራ ምዕራፍ ከእንሴኖ ሲነሳ አንባቢ ግር ቢለው አልፈርድበትም።

የባሕር በር በነበረን ጊዜ ቢሆን ከምፅዋ ወይም ከአሰብ እንነሳ ነበር። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ግን ኢትዮጵያዊ ዓሣ አጥማጅ ማለት የሐይቅ፣ የግድብና የወንዝ ሰው ማለት ነው። ቀይ ባሕር ላይ መረብ የሚጥል ሰው ባሕሩ ነገ በቦታው ይኖር ይሆን ብሎ አይጨነቅም። የሐይቅ ሰው መጨነቅ አለበት። ሐይቅ ይጎድላል፣ ይደፈርሳል፣ ጨው ይበዛበታል፤ ሲብስም እንደ ሐሮማያ ጨርሶ ይደርቃል። ሐሮማያ ላይ በ1990ዎቹ ከብት የሚሰማራበት መሬት የሆነው ስፍራ፣ ከዚያ በፊት ለሐረር ከተማ ውሃ የሚቀዳበት ሐይቅ ነበር።

አሁን ወደ ጉራጌ ተራሮች እንውጣ። ዘቢዳር ላይ ከፍታቸው 3,700 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በምሥራቅ ፊታቸው የሚወርደው ዝናብ በትናንሽ ወንዞች እየተሰበሰበ የመቂን ወንዝ ይሠራል፤ መቂም ሜዳውን አቋርጦ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,636 ሜትር ላይ ወደሚገኘው የዝዋይ ሐይቅ፣ ደንበልም ወደሚባለው፣ ይገባል። ከምንጩ እስከ ሐይቁ ቁልቁለቱ ከ2,000 ሜትር የማያንስ ነው። እንሴኖና ዙሪያዋ የዚህ ቁልቁለት ወገብ ናቸው። ከላይ የመጣው ውሃ እዚህ ይዘገያል፣ ይታረስበታል፣ ይቀዳል፣ አፈር ይዞ ያልፋል። ከታች፣ ሐይቁ ዳር ባለችው ባቱ ከተማ መረቡን የሚያጥብ ሰው ይህን ሁሉ አያየውም። የሚያየው የተረፈውን ነው።

የሐይቁን ሒሳብ በቁጥር እንየው፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነውና። ዝዋይ ሰፊ ነው፤ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል። ጥልቀቱ ግን ያሳፍራል። ጥልቅ የሚባለው ቦታ 9 ሜትር ገደማ ሲሆን አማካዩ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። ከዚህ ላይ ፀሐይና ነፋስ በየዓመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ውሃ ያተንናሉ። ሰማይ በቀጥታ ሐይቁ ላይ የሚያዘንበው የዚህን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ቀሪውን የሚያካክሱት ሁለት ወንዞች ናቸው፤ ከአርሲ የሚወርደው ቀታርና ከጉራጌ የሚወርደው መቂ። ትርፍ ካለ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አቢያታ ሐይቅ ይፈስሳል። ሁለቱ ወንዞች ለጥቂት ዓመታት ቢነጥፉ ዝዋይ የሚሆነው ጭቃ ነው። እንዲህ ያለ ሐይቅ የውሃ ጎተራ ሊባል አይችልም፤ ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ነው።

ዓሣው ደግሞ የሚራባው በጣም ጥልቀት በሌለው ጠርዝ ነው። ቆሮሶን እንውሰድ፤ ሐይቁ የኖረበት፣ ገበያውም ከሁሉ አስበልጦ የሚወደው ዓሣ ነው። ወንዱ ደንገልና ፊላ በበቀለበት ዳርቻ፣ ጎልማሳ ሰው ቆሞ በሚሻገረው ውሃ ውስጥ፣ በአፉና በክንፉ አሸዋውን እየጠረገ ክብ ጎድጓዳ ጎጆ ይሠራል። ሴቷ መጥታ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ወንዱ ያዳብረዋል። ከዚያ ሴቷ እንቁላሉን በሙሉ በአፏ ለቅማ ትይዘዋለች። እስኪፈለፈሉና መዋኘት እስኪችሉ ከሳምንት በላይ በአፏ ውስጥ ይቆያሉ፤ በዚያ ጊዜ እህል ውሃ የምትለው ነገር የላትም ማለት ይቻላል። ልጆቹ ወጥተው ሳለ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው ወደ አፏ ይገባሉ። ይህን ያህል የምትለፋ እናት የምትፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የሚሸሽጋት ቄጤማና በደለል ያልታፈነ አሸዋ። የሐይቁ ውሃ ግማሽ ሜትር ሲወርድ ቄጤማው በደረቅ መሬት ላይ ይቀራል። ጎርፍ አፈር ሲያመጣ ጎጆው ይቀበራል። በሁለቱም መንገድ ዓሣ አጥማጁ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚይዘው ዓሣ ዛሬ ሳይወለድ ይቀራል፤ ማንም ሰው መረብ ሳያነሳ።

ዝዋይ ላይ ከፍተኛውን ቦታ ይዞ የኖረው ቆሮሶ ሲቀንስ፣ ከውጭ የገቡት አምባዛና ካርፕ ድርሻቸው እየጨመረ መጥቷል። አምባዛ ጭቃውንም ድፍርሱንም ይችላል። ካርፕ ጭቃ እየቆፈረ የሚበላ ስለሆነ ጭራሽ ያደፈርሰዋል። በባቱ ወደብ ፊሌቶ የሚያወጡ ልጆች ቢላቸውን የሚያሳርፉበት ዓሣ ተለውጧል፤ ተረፈ ምርቱን ተሰልፎ የሚጠብቀው አባ ኮዳ ግን ምርጫ የለውም፣ የመጣለትን ይውጣል።

መንግሥት ለዚህ ሕግ አላወጣም አይባልም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ፈቃድ ማውጣትን፣ የተከለከሉ ማስገሪያዎችንና የተቆጣጣሪዎችን ሥልጣን ይደነግጋል። የባቱ የዓሣ ምርምር ማዕከልና የሰበታው ብሔራዊ ማዕከል ባለሙያዎችም በየጊዜው የሚሉት ይታወቃል፦ የመረብ ዓይን አይጥበብ፣ ዳርቻውን የሚጠርገው ጎታች መረብ ይቁም፣ የመራቢያ ወቅት ይከበር፣ አጥማጆች በማኅበር ይደራጁ። ትክክል ናቸው። ጣና ላይ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ከገባ በኋላ፣ ሊራቡ ወደ ወንዝ የሚወጡት የቢልጫ ዓይነቶች በወንዝ አፍ ላይ እየተጠበቁ ተያዙ፤ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ባሉት አሥር ዓመታት ገደማ ጠቅላላ ክብደታቸው በሦስት አራተኛ ወረደ። ጫሞ ላይም የነጩ ዓሣ መመናመን ሰበቡ ከልክ ያለፈ ማስገር ነው። መረብ ሐይቅ ያራቁታል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ክርክሬ፣ ሕጉም ዕቅዱም ተጠያቂ የሚያደርጉት ሰው ሁልጊዜ ያው አጥማጁ መሆኑ ላይ ነው። ከዝዋይ በታች ያለውን አቢያታን ተመልከቱ። አቢያታ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው፤ ሕይወቱ የተንጠለጠለው ቡልቡላ ይዞለት በሚመጣው ውሃ ላይ ነው። ከላይ ለመስኖ ሲቀዳ፣ ከራሱም የሶዳ አሽ ፋብሪካ ሲስብ፣ ከስፋቱ ከግማሽ በላይ አጣ፤ ጨዉ በረታ፤ ቆሮሶው አለቀ። ሻላ ሐይቅ ውስጥ ባለ ደሴት ላይ የሚፈለፈሉት ፔሊካኖች ድሮ ጎረቤት አቢያታ ላይ ይመገቡ ነበር፤ ዓሣው ሲያልቅ ምግብ ፍለጋ እስከ ዝዋይ መብረር ግድ ሆነባቸው። አቢያታን የጨረሰው ጠባብ ዓይን ያለው መረብ አይደለም። እዚያ ለነበረ አጥማጅ የመራቢያ ወቅት ዕገዳን ብታስተምሩት ይስቅባችሁ ነበር። ዝዋይ ዛሬ በሁለቱ መካከል ቆሟል፤ በመረብ በኩል የጣናና የጫሞ ሕመም አለበት፣ በውሃ በኩል የአቢያታ ጅማሬ። በዚያ ላይ እምቦጭ መጥቶበታል።

ስለዚህ ወደ እንሴኖ ልመለስ። በዚያ አካባቢ በርበሬ የሚያለማ ገበሬ ችግኙን በመደብ ያፈላና ክረምቱ ሲገባ፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ፣ ወደ ማሳ ያዛውረዋል። ለዚህም መሬቱን ደጋግሞ አርሶ፣ ጓል ከስክሶ፣ አለስልሶ ይጠብቃል። ጥሩ ገበሬ የሚባለው እንዲህ የሚያደርገው ነው። የክረምቱ ብርቱ ዝናብ የሚወርደው ግን ልክ ያኔ ነው፤ ችግኙ ጣት አክሎ፣ አፈሩ ራቁቱን ሆኖ፣ ለስልሶ። ማሳው ላይ እርከን ከሌለ ውሃው የመጀመሪያውን የለም አፈር ቆዳ ገፎ ወደ ቦዩ፣ ከቦዩ ወደ ወንዙ ይዞት ይሄዳል። መቂ በሐምሌ ቀይ የሚሆነው በዚህ ነው። ገበሬው ያጣው ማዳበሪያ የነካውን የአፈሩን ምርጥ ነው፤ አጥማጁ የተቀበለው ደግሞ ጎጆ የሚያፍንና አረም የሚያፋፋ ደለል። አንዱ የሚከስረው ሌላው ቢያተርፍበት ኖሮ ነገሩ የጥቅም ግጭት በሆነ ነበር፤ እዚህ ግን ሁለቱም ይከስራሉ፤ ሊስማሙ የሚችሉትም በዚህ ምክንያት ነው።

በጋው ይከብዳል። ከጥር እስከ ሚያዝያ ወንዙ ሲቀጥን የውሃ ሞተሮች ይበዛሉ፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ጥቅል ጎመን የሚደርሰው በነሱ ነው። እዚህ ላይ ገበያውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም የሚውለው በነዚሁ ወራት ነው። አዲስ አበባ ሥጋ ስትተው ዓሣ ትፈልጋለች፤ ቲማቲምና ሽንኩርት ትፈልጋለች፤ ጾሙ ሊፈታ ሲል ደግሞ ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ሽንኩርት በኩንታል ይጠየቃል። የአንድ ከተማ ማዕድ በላይ በኩል ወንዙን በሞተር ያስቀዳል፣ በታች በኩል ሐይቁን በመረብ ያስጠርጋል፤ ሁለቱንም ውሃ ከሁሉ በሚያንስበት ወር። ይህን ያደረገው ክፉ ሰው የለም። ገበሬው በዓመት አንዴ ዋጋ የሚያገኝበት ወር ነው፤ አጥማጁም እንደዚያው። ለዚህ ነው ‹‹ግንዛቤ ማስጨበጥ›› የሚባለው መድኃኒት የማይጥመኝ። ልጁን ትምህርት ቤት የሚልክበትን ሽንኩርት ሊያጠጣ ሞተር ያስነሳ ሰው የጎደለው ግንዛቤ አይደለም።

የጎደለው የሚያገናኝ ነገር ነው። ሐይቁ በኦሮሚያ ክልል ነው። የመቂ የላይኛው ክፍል፣ ቀድሞ ደቡብ ክልል የነበረው፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ፣ ቡታጅራን መቀመጫው ባደረገው የምሥራቅ ጉራጌ ዞንና በጎረቤቶቹ ይተዳደራል። የዓሣ ባለሙያ ከታች፣ የመስኖና የአፈር ጥበቃ ባለሙያ ከላይ፤ አንዱ የሌላውን ሪፖርት አያነብም። በሕግ ደረጃ አገናኝ ታስቦ ነበር። የተፋሰስ ምክር ቤቶችና ባለሥልጣናት አዋጅ ቁጥር 534/1999 ውሃን በክልል ወሰን ሳይሆን በተፋሰስ ማስተዳደርን መርሕ አደረገ፤ በዚያም መሠረት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ተፋሰስ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤቱ ተዋህዷል፣ ታጥፏል፣ ወደ ሚኒስቴር ተመልሷል። ውሃ የሚያስተዳድር ቢሮ ለውጡ ከወንዙ የባሰ ሲፈጥን ዕቅድ ማን ያስታውሳል?

የውሃ ክፍያውም እንደዚሁ ነው። ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጁ ውሃ የሚጠቀም እንዲከፍል ይፈቅዳል። በአዋሽ ተፋሰስ ለብዙ ዓመታት ለመስኖ ሲከፈል የኖረው ለ1,000 ሜትር ኩብ 3 ብር ነበር፤ ማለትም ለአንድ ሚሊዮን ሊትር የአንድ ሻይ ዋጋ የማይሞላ። በዚህ ተመን ማንም ቆጥቦ አያውቅም፣ ማንም እርከን ሠርቶ አያውቅም።

ሌላም እውነት አለ፤ ማለፍ አልችልም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በእንሴኖና አካባቢዋ በመስቃንና በማረቆ ወንድማማቾች መካከል በተነሳ ግጭት ሰው ሞቷል፣ ተፈናቅሏል፣ ገበያ ተቋርጧል። የሃያ ዓመት የውሃ ዕቅድ የሚነድፍ ሰው፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር አብሮ ወደ ቦይ መውረድ ይችላል ብሎ ገምቶ ነው የሚነድፈው። ያ ግምት በሽማግሌ ካልጸና ካርታው ወረቀት ነው።

ከታች ያለው ሰው ወደ ላይ ወጥቶ መድኃኒት የፈለገበት ምሳሌ ከጃፓን አለ። ኬሰንኑማ በሚባል የባሕር ወሽመጥ ኦይስተር የሚባለውን ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ የሚያረቡ ሰዎች፣ ውሃቸው ተበክሎ ኦይስተራቸው ቀልቶ ገበያ ያጣበት ዘመን ነበር። ሺገአትሱ ሃታኬያማ የተባለ ከመካከላቸው አንዱ ጥፋቱን ሲከታተል ወንዙን ይዞ ወደ ላይ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1989 አጥማጆቹ የባሕር ልብሳቸውን አውልቀው ሙሮኔ ተራራ ላይ ዛፍ ተከሉ። ሙሮኔ የነሱ አስተዳደር እንኳ አልነበረም፤ ያለው በጎረቤቱ ኢዋቴ ግዛት ነው። በየዓመቱ እየተመለሱ ተከሉ፤ የላይኛውን አገር ተማሪዎችም ወደ ባሕሩ እየጠሩ ከላይ የሚጣለው ነገር ማን አፍ እንደሚገባ አሳዩአቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሱናሚው ማርቢያቸውን ሁሉ ጠራርጎ ከወሰደ በኋላም ሥራው አልቆመም። የእነሱን ዛፍ እዚህ መትከል ይጠቅማል ማለቴ አይደለም፤ የዛፍ ተከላ ቁጥር ሰምተን ሰልችተናል። የሚገርመኝ ማን ቀድሞ እንደተነሳ ነው። የጎደለበት ሰው ራሱ ወጥቶ የላይኛውን ሰው አነጋገረ።

ለእኛ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። ሐይቁ ላይ የሚኖሩት ዛዮች ከደጋው ጋር የቋንቋ ዘመድ ናቸው፤ ዛይኛ ከስልጢኛና ከወለንኛ ጋር ከአንድ ቤተሰብ ነው። በቱሉ ጉዶና በሌሎቹ ደሴቶች ጠባብ መሬታቸውን በድንጋይ እርከን እየደገፉ ለትውልዶች አርሰዋል፤ አፈሩ ሐይቁ ውስጥ ከገባ ሌላ መሬት እንደሌላቸው ያውቃሉና። ዓሣ አጥማጅም ባለ እርከንም መሆን ከውጭ የምናመጣው ነገር አይደለም። በሌላ በኩል ጉራጌ ሩቅ ላለ ነገር በጋራ የማዋጣት ታሪኩ ከማንም ያነሰ አይደለም። በ1950ዎቹ የተቋቋመው የጉራጌ መንገዶች ሥራ ድርጅት፣ ኋላም የጉራጌ ሕዝብ ራስ አገዝ የልማት ድርጅት የሆነው፣ አዲስ አበባ የሚነግዱ ሰዎች በየዓመቱ አንዴ ለመስቀል ወይም ለአረፋ ለሚገቡበት አገር መንገድ ሲያዋጡ የተወለደ ነው። ከከተማ ወደ ገጠር ገንዘብ የፈሰሰበት ቦይ ካለ፣ ከሐይቅ ወደ ተራራ የሚፈስስበት ቦይ መቅደድ የማይቻል ነገር አይመስለኝም።

ቦዩ ምን ይመስላል? ከሐይቁ በቀጥታ ውሃ የሚስቡ አሉ፤ ትልልቅ የአበባ እርሻዎች፣ የመስኖ ባለሀብቶች፣ የባቱ ከተማ ውሃ። በማኅበር የተደራጁ አጥማጆችም ከሚሸጡት ዓሣ ትንሽ መቀነስ ይችላሉ። ይህ ገንዘብ ወደ ፌዴራል ካዝና ገብቶ ከሚጠፋ፣ በላይኛው መቂ እርከን ለሚሠሩ ቀበሌዎች፣ ለወንዝ ዳር ሣርና ሸምበቆ ጥበቃ፣ ውሃ ለማይጨርስ የጠብታ መስኖ ብድር ቢውል፣ የእንሴኖ ገበሬ እርከን የሚሠራበት ክፍያ ያገኛል። በሞተር ከሚቀዳው በጠብታ የሚያጠጣ ደግሞ ናፍጣም ይቆጥባል። የአጥማጁ ድርሻ ትንሽ መሆኑ ጥያቄ አያስነሳም፤ መኖሩ ግን ያስፈልጋል፤ የሚያዋጣ ሰው ስብሰባ ላይ ይናገራልና።

ሐይቁ ላይ ያለውን ጫና ለማቃለል በደጋው ላይ የዓሣ ኩሬ ማስፋፋትም ይነሳል። ይሞከር። ጫጩቱ ከሰበታና ከባቱ ማዕከላት ይገኛል። ነገር ግን በጋ ላይ ውሃ ባጠረበት አገር ኩሬ መሙላት እንደገና ከመቂ መቅዳት እንዳይሆን ከመቆፈሩ በፊት የውሃው ምንጭ ይጠየቅ። ጉራጌም ዓሣ እንዲበላ ማስለመድ ራሱን የቻለ ዘመቻ ነው፤ ለዚያ እኔ ተስፋ አልቆረጥኩም፣ ቸኩዬም አላውቅም።

ዕቅዱ ዘላቂ የሚሆነው ርዝመቱ 20 ዓመት ስለተባለ አይደለም። በየበጋው የሚታደስ ስምምነት ሲኖረው ነው። ስምምነቱ የሚታደስበት ስብሰባ ባቱ ቢደረግ የላይኛው ሰው ለተከሳሽነት የተጠራ ይመስለዋል፤ ቡታጅራ ቢደረግ የታችኛው ሰው ለልመና የመጣ። እንሴኖ መሐል ናት፤ በገበያ ቀን ደግሞ ገበሬውም፣ ነጋዴውም፣ የመኪና ረዳቱም ስላሉ ወሬው በዚያው ቀን ሁለቱም ጫፍ ይደርሳል። ከታች የአጥማጆች ማኅበራትና የባቱ ምርምር ማዕከል፣ ከላይ የመስቃንና የማረቆ የመስኖ ተጠቃሚዎችና ሽማግሌዎች፣ የሁለቱ ክልሎች የግብርናና የውሃ ቢሮዎች ይምጡ። ጊዜው ታኅሣሥ ይሁን፤ የበጋው ሽንኩርት ሳይተከል፣ የጾሙ ዓሣ ሳይጠመድ። የመጀመሪያው አጀንዳም የሞተር ተራ ነው፦ ከጥር እስከ ሚያዝያ ከወንዙ ስንት ሞተር ይቅዳ፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፤ በነዚያው ወራት ደግሞ ከሐይቁ የትኛው ዳርቻ ከመረብ ነፃ ይሁን።